ቃየል የተሰደደበት፣ ሕፃን የሚተኛበት

(ለሕዝብ የቀረበ ትምህርታዊ ንግግር)



ዛሬ የምናገረው ስለ አንዲት ባለ ሁለት ፊደል ቃል ነው፤ ስለ ኖድ። ብዙዎቻችሁ ቃሏን ሰምታችኋታል፤ ግን ሳትቆሙባት አልፋችኋል። የምትገኘው በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 4 ቁጥር 16 ነው። ቃየል ወንድሙን አቤልን ከገደለ፣ የአቤልም ደም ከምድር ከጮኸ በኋላ፣ ገዳዩ ከእግዚአብሔር ፊት ወጥቶ ከኤደን በስተምሥራቅ የተቀመጠባት ምድር ስሟ ኖድ ነው። ከዚያ ወዲያ መጽሐፉ ያችን ምድር ዳግመኛ አያነሣትም።

ከብዙ ዓመታት በፊት በእንግሊዝ አገር ተማሪ ሳለሁ፣ የተከራየሁበት ቤት ባለቤት አንዲት አረጋዊት ነበሩ። አንድ ምሽት የልጅ ልጃቸው ሊያድር መጥቶ ሲጫወት አየሁት፤ ጥቂት ቆይቼ ብመለስ ድምፁ የለም። ወዴት ሄደ ብዬ ጠየቅኋቸው። ፈገግ ብለው «ወደ ኖድ ምድር ሄዷል» አሉኝ። ደነገጥኩ። እኔ ያደግሁት ኦሪት በሚነበብበት ቤት ነው፤ ኖድ ለእኔ የነፍሰ ገዳይ የስደት ምድር ነበረች። ንጹሕ ሕፃን ወደዚያ ሄደ ይባላል? ሴትዮዋ ድንጋጤዬን አይተው «ተኛ ማለት እኮ ነው» አሉኝ። ቃየልን አላሰቡትም። ለእሳቸው ይህ አባባል ከእናታቸው፣ እናታቸውም ከእናታቸው የተቀበሉት የፍቅር ቃል ነው።

የዚያን ሌሊት የያዘኝ ጥያቄ እስከ ዛሬ አለቀቀኝም። ቃየል የተሰደደበት ምድር ሕፃን የሚተኛበት አልጋ የሆነው እንዴት ነው? የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ላስታውስና ከሥሩ እንጀምር።

ኖድ የዕብራይስጥ ቃል ነው። የቃሉ ሥር መንከራተትን፣ ወዲያ ወዲህ ማለትን ይናገራል። ከዚያው ምዕራፍ ቁጥር 12 ላይ ቃየል የተፈረደበት ፍርድ በአማርኛችን ኮብላይና ተቅበዝባዥ መሆን ነው፤ በዕብራይስጡ «ና ቫናድ» ይባላል። ከአራት ቁጥር በኋላ የምትመጣው ምድር ስሟ ያንኑ ድምፅ መልሶ ያስተጋባል። እንግዲህ የኖድ ምድር ማለት የመቅበዝበዝ ምድር ማለት ነው። ቃየል ተቀመጠ ይባልና የተቀመጠባት ምድር ስሟ አለመቀመጥ ሆኖ ይገኛል። ይህ ድንገት የሆነ አይመስለኝም። ጥንታዊው ጸሐፊ ራሱ በቃል ተጫውቷል፤ ጨዋታው ግን ሳቅ የሌለው፣ ፍርድን በቦታ ስም ውስጥ ያሰረ ከባድ ጨዋታ ነው።

እንቅልፍስ? በዚህ ሁሉ ውስጥ እንቅልፍ የለም። ጸሐፊው ስለ እንቅልፍ መናገር ቢፈልግ ኖሮ ሌላ ቃል በእጁ ነበረው። ዕብራይስጥ ማንቀላፋትን «ኑም» ይለዋል፤ የእኛው ግእዝ «ኖመ» የዚህ ቃል ወንድም ነው፤ እንቅልፉም ንዋም ነው። ኖድና ኑም በዕብራይስጥ አጻጻፍ በአንድ ፊደል ብቻ ይለያያሉ፤ በትርጉም ግን የተራራቁ ናቸው። እንዲያውም ነገሩ ከመራራቅ ያልፋል። በእስራኤል የሚኖሩ ወገኖቻችን እንቅልፍ እንቢ ሲላቸው ለሐኪም የሚናገሩት የዕብራይስጥ ቃል «ንዱዴ ሼና» ነው፤ ቃል በቃል ቢመለስ የእንቅልፍ መንከራተት ይሆናል። ይህ ንዱድ የኖድ የቅርብ ዘመድ ነው። አባባሉም መሠረቱ ጥንታዊ ነው። በዘፍጥረት 31፥40 ያዕቆብ ለላባ ችግሩን ሲዘረዝር፣ በመጽሐፈ አስቴርም 6፥1 ንጉሡ ሌሊቱን ሳይተኛ ሲያድር፣ እንቅልፋቸው የሸሸበት ቃል ይኸው ነው። በዕብራይስጥ ጆሮ እንግዲህ መንከራተት ወደ እንቅልፍ የሚጠጋው እንቅልፍ ሲጠፋ ነው። እንግሊዞች ያችኑ ቃል ወስደው የእንቅልፍ አገር አደረጓት።

ይህን ያደረጉት ግን ባለማወቅ ነው ብሎ መፍረድ ስሕተት ነው። እንዲህ ያለው ለውጥ የሚመጣበት መንገድ አለ፤ እዚህ ላይ መንገዱ የትርጉም ታሪክ ነው። እባካችሁ ይህን በትዕግሥት ተከተሉኝ፤ የንግግሬ ልብ ያለው እዚህ ነው።

ኦሪት ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው መቶ ዓመት ወደ ግሪክ ሲመለስ ተርጓሚዎቹ የምድሪቱን ስም በስምነቱ ትተው ናይድ ብለው ጻፉት። ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላ ቅዱስ ጄሮም መጽሐፉን ከዕብራይስጥ ወደ ላቲን ሲመልስ ሌላ መንገድ መረጠ። ኖድ የቦታ ስም መሆኑን ትቶ የቃሉን ፍቺ ወሰደ፤ ቃየል በምድር ላይ ስደተኛ ሆኖ ተቀመጠ አለ። ሊቁ ዕብራይስጥ ያውቅ ነበርና ከፍቺ አንጻር ልክ ነው። ነገር ግን በዚያች ምርጫ ኖድ የምትባል ምድር ከምዕራብ አውሮፓ መጽሐፍ ቅዱስ ጠፋች። ላቲኑን እያነበበ የኖረ ሕዝብ ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ ስሟን በዚያ ቦታ አላየውም። በ14ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ የጆን ዊክሊፍ ወገኖች መጽሐፍ ቅዱስን ወደ እንግሊዝኛ ሲመልሱ የመለሱት ከላቲን ስለነበር፣ በእነርሱም እንግሊዝኛ ኖድ የለችም።

በዚያው ዘመን እንግሊዞች በቋንቋቸው ውስጥ «ኖድ» የሚል የራሳቸው ግሥ ነበራቸው። ራስን ወደ ታች ዝቅ ቀና ማድረግን ይናገራል፤ ሰው እሺ ሲል የሚያደርገውን፣ ደግሞም ተቀምጦ እንቅልፍ ሲጫነው አንገቱ የሚያደርገውን። እኛ ለዚህ ሁለተኛው የተዋጣለት ቃል አለን፤ ማንጎላጀት። በረዥም ስብከት መካከል፣ ወይም በሌሊት አውቶቡስ ላይ፣ አገጩ ደረቱን ነክቶ ድንገት ቀና የሚለውን ሰው አያንጎላጅም የሚል የለም። እንግዲህ የእንግሊዞቹ ኖድ ማንጎላጀት ነው። የዕብራውያኑ ኖድ መቅበዝበዝ ነው። ሁለቱ በዘር አይገናኙም፤ አንዱ ከአንዱ አልተወለደም።

የተገናኙት በወረቀት ላይ ነው። በ1530 ዊልያም ቲንዴል የሚባል እንግሊዛዊ አምስቱን የሙሴ መጻሕፍት በቀጥታ ከዕብራይስጥ መልሶ ከአገሩ ውጭ አሳተመ። ያን ጊዜ ያለ ፈቃድ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ እንግሊዝኛ መመለስ በእንግሊዝ አገር የተከለከለ ነበር፤ መጻሕፍቱ በድብቅ በመርከብ ይገቡ ነበር። ቲንዴል እንደ ጄሮም ቃሉን አልፈታውም፤ ስሙን በስምነቱ አኖረው። የኖድ ምድር በታተመ እንግሊዝኛ ታየች። ስድስት ዓመት ቆይቶ፣ በ1536፣ በቪልቮርደ ከተማ አንቀው ገደሉት፤ ሬሳውንም አቃጠሉት። በ1611 የወጣውና በንጉሥ ጄምስ ስም የሚጠራው መጽሐፍ ቅዱስ ከእርሱ ብዙ ቃል ወርሷል፤ ኖድም በዚያ መጽሐፍ ገብታ በየደብሩና በየቤቱ ትነበብ ጀመር።

አሁን ነገሩን በዓይነ ልቦናችሁ ተመልከቱት። ማታ ነው፤ አባት ሻማ አብርቶ ዘፍጥረትን ያነባል። ልጆቹ ቀኑን ሲሠሩ ውለው ያንጎላጃሉ። አንባቢው ቃየል የማንጎላጀት ምድር ውስጥ ተቀመጠ የሚል የሚመስል ድምፅ ያሰማል። መጀመሪያ የሳቀው ማን እንደሆነ አይታወቅም፤ መሳቁ ግን አይቀርም ነበር።

ለአማርኛ ሰው ይህን ማስረዳት ለሌላው ከማስረዳት ይቀላል፤ እኛ ኅብረ ቃል የምንለው ነገር ነው። አንድ ቃል ሁለት ፍቺ ተሸክሞ ይመጣል፤ ሰሙ የቃየል ምድር፣ ወርቁ እንቅልፍ። ልዩነቱ የእኛ ባለቅኔ ሰምና ወርቁን አስቦ ማዋሐዱ ነው። እዚያ ግን ያዋሐደው የተርጓሚ ምርጫና የሁለት ቋንቋ ድምፅ መገጣጠም ነው፤ ሕዝቡ አገኘውና አነሣው።

አንድ ነገር ጣልቃ ላስገባ። የዕብራይስጡ ሥር ከመንከራተት ሌላ መነቅነቅን፣ ራስ መነቅነቅንም ይናገራል፤ በትንቢተ ኤርምያስ 18፥16 ፈራርሳ የቀረችውን አገር አይቶ ራሱን የሚነቀንቀው መንገደኛ በዚህ ግሥ ተነግሮለታል። ስለዚህ እንግሊዝኛውም ራስን ማንቀሳቀስ፣ ዕብራይስጡም ራስን ማንቀሳቀስ ሆነው ይገኛሉ። ይህን የሚያይ ሰው ሁለቱ ቃላት አንድ ምንጭ አላቸው ለማለት ይቸኩላል። አይቸኩል። መመሳሰል ዝምድና አይደለም። በቃላት አመጣጥ ነገር ሰው የሚያምነው ብዙ ጊዜ ደስ የሚለውን ታሪክ ነው። እንግሊዞች ለሚተኛ ልጅ «አጥብቀህ ተኛ» የሚል ምኞት አላቸው፤ የዚህንም ምክንያት ሲናገሩ ድሮ አልጋ በገመድ ይወጠር ነበርና ገመዱ ይጥበቅልህ ማለት ነው ይላሉ። ያማረ ታሪክ ነው፤ እውነቱ ግን ቀላል ነው። ያ ቃል በድሮ እንግሊዝኛቸው «በደንብ»፣ «ደኅና አድርጎ» የሚል ፍቺም ነበረው፤ ምኞቱ ደኅና ተኛ ከማለት አያልፍም።

የኖድ ምድር ለእንቅልፍ መዋሏን በጽሑፍ ያቆየልን ጆናታን ስዊፍት ነው፤ የገሊቨርን ጉዞዎች የጻፈው። ስዊፍት በደብሊን የቅዱስ ፓትሪክ ካቴድራል አለቃ፣ ማለት ካህን ነበር። ሰዎች በቤተ ክርስቲያን ስለ መተኛታቸው የሰበከው ስብከት እስከ ዛሬ ይነበባል፤ መነሻ ያደረገውም በሐዋርያት ሥራ 20፥9 ያለውን፣ ጳውሎስ ሲያስተምር አንቀላፍቶ ከሦስተኛ ፎቅ የወደቀውን ጎበዝ ነው። ስለ ማንጎላጀት የሚያውቅ ሰው ነበር ማለት ነው። በ1738 በብዕር ስም ባሳተመው አንድ መጽሐፍ የዘመኑን ባለጸጎች ጨዋታ በንግግር መልክ ጻፈው። ዓላማው በየግብዣው የሚደጋገመውን የተለመደ አባባል ሁሉ እየለቀመ፣ ሰዎቹ ከራሳቸው አንድ ቃል እንኳ እንደማይናገሩ ማሳየት ነበር። በመጨረሻው ክፍል ሌሊቱ ይገፋል፣ እንግዶቹ ይደክማሉ፤ አንዱ ኮሎኔል ወደ ኖድ ምድር መሄዱን ሲናገር ሌላው እኔ ደግሞ ወደ ቤድፎርድሸር ነኝ ብሎ ይመልስለታል። ቤድፎርድሸር እውነተኛ የእንግሊዝ አውራጃ ነው፤ የስሙ መነሻ ድምፅ ከአልጋ መጠሪያቸው ጋር አንድ ስለሆነ ወደ አልጋዬ ማለት ነው።

ከዚህ የምንማረው አለ። ስዊፍት የለቀመው ያረጀውንና የተሰለቸውን አባባል ነው። በ1738 ሰው ሁሉ የሚለው፣ የሚሰለችም ነገር ከሆነ፣ ፈሊጡ ከዚያ በፊት በአፍ ብዙ ቆይቷል። ከቲንዴል እስከ ስዊፍት ሁለት መቶ ስምንት ዓመት ነው። በዚያ ዘመን ውስጥ በአንድ ወቅት፣ ስሙ በማይታወቅ ሰው አፍ፣ የስደት ምድር የእንቅልፍ አገር ሆነች።

ይህን ሳስብ ቲንዴል የሞተለት ሥራ ለልጅ ማስተኛ ቀልድ ዋለ ብዬ አላዝንም፤ ደስ ይለኛል። ሰው የሚጫወተው በራሱ ቤት ነው። በእንግድነት በገባበት ቤት ግን እጁን ሰብስቦ ይቀመጣል። ላቲኑ ለእንግሊዝ ገበሬ የእንግዳ ቤት ነበር፤ የኖድ ምድር ቀልድ መጽሐፉ በሕዝቡ አፍ ለመግባቱ ከየትኛውም ምስክር የበለጠ ምስክር ነው ብዬ አምናለሁ። 

ፈሊጡ ወደ ልጆች ክፍል ጠልቆ የገባው በ19ኛው መቶ ዓመት ነው። ስኮትላንዳዊው ሮበርት ሉዊስ ስቲቨንሰን በ1885 ባሳተመው የልጆች ግጥም መጽሐፍ ውስጥ በዚህ ስም አንድ ግጥም አለው። ስቲቨንሰን በልጅነቱ በሽተኛ ነበር፤ ሌሊቱን አጠገቡ ሆና መጽሐፍ ቅዱስ ታነብለት የነበረች ሞግዚት ነበረችው፤ መጽሐፉንም መታሰቢያ ያደረገው ለእርሷ ነው። በግጥሙ ያለው ልጅ ቀን በቤቱ ከወዳጆቹ ጋር ይውላል፤ ሌሊት ግን ወደ ኖድ ምድር ብቻውን ይሄዳል። በዚያ ምን ማድረግ እንዳለበት የሚነግረው የለም። የሚያስደንቅም የሚያስፈራም ነገር ያያል። ሲነጋ ተመልሶ መንገዱን ቢፈልግ አያገኘውም። ስቲቨንሰን ቃየልን አላነሣም። ነገር ግን ተመልከቱ፤ ብቸኝነቱ፣ መንከራተቱ፣ መመለሻ የሌለው መንገዱ ሁሉ አለ፤ ቀልዱ ለረዥም ዘመን የሸፈነው የዕብራይስጡ ፍቺ በአንድ ሕፃን ሕልም ውስጥ ተመልሶ ወጣ። እኔ ይህን ግጥም ከፈሊጡ ታሪክ ሁሉ እጅግ ጥልቁ ቦታ አድርጌ እቆጥረዋለሁ።

ወደ አማርኛ ስመጣ የሚገርመኝ ሌላ ነገር ነው። በእንግሊዝኛው ሰው ወደ እንቅልፍ ይሄዳል፤ እንቅልፍ አገር ነው፣ ተኚው መንገደኛ ነው። በአማርኛ መንገደኛው እንቅልፍ ነው። እንቅልፌ መጣ እንላለን። ይጫነናል፣ ያሸንፈናል፣ ይጥለናል፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ይወስደናል። «ገና ጋደም ከማለቱ እንቅልፍ ወሰደው» ሲባል ወዴት እንደወሰደው የሚጠይቅ የለም። ስም አልሰጠነውም። ሳይመጣ ሲቀር ደግሞ ጠፋኝ፣ ነሳኝ እንላለን፤ የያዕቆብና የንጉሡ እንቅልፍ እንደሸሸ ሁሉ።

ደረጃውንም ተመልከቱ። ሸለብ ማድረግ አለ፤ ማንጎላጀት አለ፤ ማንቀላፋት አለ፤ ለጥ ብሎ መተኛት አለ፤ ድብን ያለ እንቅልፍ አለ። ሸለብ ያደረገው ሰው ስትጠሩት ይሰማል፤ ድብን ያለው አይሰማም። ደግሞ አሸለበ ስንል ነገሩ ከበድ ይላል፤ ሞተ ማለትም ይሆናልና። ቤተ ክርስቲያን ያደገ ሰው የአቤሜሌክንም እንቅልፍ ያውቃል፤ በተረፈ ባሮክ እንደተጻፈው በለስ ሊያመጣ ወጥቶ ከዛፍ ጥላ ሥር ስድሳ ስድስት ዓመት የተኛውን፣ ሲነቃም በለሱ እንዳልጠወለገ ያገኘውን። እርሱ የትም አልሄደም፤ እዚያው ሆኖ ዘመን አለፈው።

ስለ ልጅ ደግሞ ይህን ልጨምር። የስቲቨንሰን ልጅ በገዛ ክፍሉ፣ በገዛ አልጋው ብቻውን ይተኛል፤ ስለዚህ እንቅልፉ ብቻውን የሚሄድበት አገር ሆነ። የእኛ ልጅ የሚተኛው በእናቱ ወይም በእኅቱ ጀርባ ላይ በአንቀልባ ታዝሎ ነው፤ እሹሩሩ እየተባለ። የምትሄደው ያዘለችው ናት፤ ልጁ ጆሮውን ከጀርባዋ ለጥፎ ይወሰዳል። እንቅልፍ ወሰደው የሚለው ቃል ከዚህ ሥዕል ጋር እንዴት እንደሚስማማ እዩት። አንዱ ከሌላው መጣ ለማለት ማስረጃ የለኝም፤ አብረው መኖራቸውን ግን በየቤታችን እናያለን።

ውድ አድማጮቼ፤ የኖድ ምድርን ታሪክ ዛሬ ልነግራችሁ የቻልሁት ስዊፍት ሰዎች ሌሊት ሲለያዩ የሚሉትን ተራ ቃል መጻፍ ስላልናቀ ነው። የአማርኛ መዝገበ ቃላት ማንጎላጀትን ይፈታልናል፤ ማን ለማን፣ በምን ሰዓት፣ በየትኛው አገር ምን ብሎ ልጅ እንዳስተኛ ግን መዝገበ ቃላት ሊይዘው አይችልም። ያንን የያዙት አያቶቻችን ናቸው። ስለዚህ አንድ ልለምናችሁ። በዚህ ሳምንት በቤታችሁ ያሉትን አንድ ትልቅ ሰው፣ አያትም ይሁኑ አክስት፣ ልጅ ሊተኛ ሲል፣ እንቅልፍ እንቢ ሲለው፣ ባንኖ ሲነሣ ምን ይባል እንደነበር ጠይቁልኝ። የሰማችሁትን እንደተነገራችሁ፣ ሳታስተካክሉ፣ የትውልድ አገራቸውንና የጠየቃችሁበትን ቀን ጨምራችሁ በደብተር ጻፉትና በሚቀጥለው ስብሰባችን ይዛችሁ ኑ።